የአለቃው ንስሐ አባት ልጅ

ስንቄ ቢቸና ዳር ባለ ችግኝ ጣቢያ የተቀጠረችው በዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። ሰባት ሴቶች ሆነው አፈርና ፍግ ይነፋሉ፣ በትናንሽ ፕላስቲክ ይሞላሉ፣ የጽድና የወይራ ችግኝ ያፈላሉ። አለቃቸው ወልደ ኪዳን ምላሱ ጅራፍ ነበር። ለስንቄ ግን ማር ነው፤ አባቷ ቄስ አካለ ወልድ የንስሐ አባቱ ናቸዋ! ብታረፍድ እንኳ፣ "አይዞሽ እህቴ፣ መንገዱ ጭቃ ነው" ይላታል።

መዓቱ የሚወርደው ፈንታነሽ ላይ ነው። ፈንታነሽ ከባሏ ተፋትታ፣ አንዲት ልጇን ይዛ ከአምበር የመጣች ናት፤ ቢቸና ውስጥ "የኛ ናት" የሚላት የለም። ወልደ ኪዳን ስትሞላ የዋለችውን ፕላስቲክ በእግሩ ይደፋና፣ "ይሄ ሙሌት ነው? ትዳርሽም እንዲህ ነው የፈረሰው!" ይላታል። አጠገቧ ያለውን የስንቄን የላላ ሙሌት አያየውም።

አንድ ማለዳ ስንቄ የራሷን ሙሌት እዚያው ትታ ከፈንታነሽ ጋር ቦታ ተቀያየረች። ወልደ ኪዳን እንደ ልማዱ መጥቶ ፈንታነሽ ፊት የተደረደረውን ደፋው።

"የኔ ሥራ ነው እኮ የደፋኸው፣ ጋሼ" አለች ስንቄ።

ሳቅ አለና፣ "አንቺ ደግ ነሽ፤ ለማንም ትደረቢያለሽ" አላት። ከዚያ ወደ ፈንታነሽ ዞሮ፣ "የሷንም የራስሽንም ሳትሞዪ ወደ ቤት የለም" አለ። ስንቄ ላግዛት ብትል ከለከላት።

ሌላ መላ ስታጣ ለአባቷ ነገረች። ቄስ አካለ ወልድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠርተው ገሠጹት።

"መስቀል ተሳልሞ 'ይፍቱኝ አባቴ' አለኝ" አሏት። "ከዚህ በላይ ምን ላድርግ፣ ልጄ?"

ማክሰኞ ወልደ ኪዳን ሴቶቹን ሰበሰበ። "በየቄሱ ደጅ የምትከሰኝ አለች" አለ፣ ስንቄን አልፎ ፈንታነሽን እያየ። "ሞጣ ጣቢያ ሰው ጎድሏል። ነገ ትሄጃለሽ።" ፈንታነሽ ልጇን ትምህርት ቤት ካስገባቻት ሁለት ሳምንት አልሞላትም።

"እኔ ነኝ የተናገርኩት!" ብላ ስንቄ ተነሣች። ማንም ያልሰማት ያህል ሆነ። በዕድሜ ትልቋ ሠራተኛ ቀሚሷን ጎተት አደረገቻት፤ "ተቀመጭ፣ ይብሱን አታስፈጂያት።"

በዓመቱ ስንቄ ለዘመድ ሠርግ ሞጣ ሄዳ ፈንታነሽን ገበያ ላይ ሽንኩርት ስትሸጥ አገኘቻት። ከስታለች።

"ጣቢያውንስ?"

"ተውኩት። የዚህኛው አለቃ የወልደ ኪዳን ወዳጅ ነው፤ ስሜ ቀድሞኝ ደርሶ ጠበቀኝ።"

"በኔ ጦስ ነው፣ ፈንታዬ።"

ፈንታነሽ ሽንኩርቱን መደርደር ቀጠለች። "ስድቡንስ ለምጄው ነበር" አለች። "አንቺን ሲያቆላምጥሽ ስሰማ ነበር አንጀቴ የሚቆረጠው። ሰው መሆን እንደሚችል የማውቀው ያን ጊዜ ነዋ!"

ገዢ መጣ፤ ፈንታነሽም ወደዚያ ዞረች።

ሰኞ ስንቄ ሥራ ስትገባ በፈንታነሽ ቦታ የተቀጠረችው ሰገነት ሙሌቷ ተደፍቶባት እንባዋን እየጠረገች አፈር ትነፋለች። ስንቄ ለአባቷ አልነገረች፣ ለአለቃው አልተናገረች፤ ብትናገር በማን ላይ እንደሚወርድ አሁን አውቃዋለች። አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ወንፊቱን በአንድ በኩል ያዘችላት።