ለባለቤቴ የተሰጡት ቢላዎች

ባለቤቴ አምቦ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ጽሕፈቱ ስለሚያምር ከሥራ ሲወጣ ማመልከቻ የሚያጽፍ ሰው በር ላይ ይጠብቀዋል። መሬት ለአራሹ በታወጀ በዓመቱ ጊንጪ አጠገብ የሚኖር አንድ ቀጥቃጭ ወደ ቤታችን መጣ። በኦሮምኛ ቱምቱ ከሚሏቸው፣ በቡዳነት ከሚታሙት የቀጥቃጭ ወገን በመሆኑ የገበሬ ማኅበሩ መሬት ከልክሎት ነበር። እሱ በኦሮምኛ እያስረዳ፣ ባለቤቴ በአማርኛ እየጻፈ ግማሽ ቀን ዋሉ። ባለቤቴ ገንዘብ አልተቀበለውም። ሰውየው መሬቱን ካገኘ በኋላ ተመልሶ መጣና በጨርቅ የጠቀለለውን ነገር ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

ትልቅ ቢላ ነበር። ከጭነት መኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ፣ እጀታው የበሬ ቀንድ፣ በሁለቱም ወገን ስለት ያለው። ባለቤቴ እጁን ሲዘረጋ ቀጥቃጩ ከለከለው።

"አይሆንም ኦቦ ጸሐፊ። ቢላ ከእጅ ወደ እጅ ካለፈ ያጣላል። እኔ አስቀምጫለሁ፣ አንተ አንሳው።"

ካነሳው በኋላ ዳቦ እንዳመጣ አዘዙኝ። ባለቤቴ በአዲሱ ቢላ ቆረሰና ሁለቱም ከአንዱ ቁራሽ በሉ። ለገበያ የተሠራ ቢላ እንዲህ አይደረግለትም፤ ለወዳጅ የተሠራ ብቻ ነው። ትንሿ ልጄ ወደ ዳቦው እጇን ስትሰድ በቀሚሷ ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኳት። ቀጥቃጩ አየኝ፣ ወዲያውም ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ።

ያደግሁት በወንጌል አማኝ ቤት ነው። ቡዳ የሚባል ነገር የለም ተብዬ ተምሬአለሁ፤ አራተኛ ክፍልም ደርሻለሁ። ነገር ግን ሦስት ልጆች ነበሩኝ፤ ልጅ ያላት ሴት የለም የተባለውንም ትፈራለች።

ወሬው በቀጥቃጮች ዘንድ ተዳረሰ። ከጉደር፣ ከእጃጂ፣ ከባኮ ማመልከቻ የሚያጽፉ መጡ፤ እየቆዩም ቢላ ይዘው ተመለሱ። በሁለት ዓመት ውስጥ ግድግዳችን ላይ አምስት ቢላዎች ተሰቀሉ። ባለቤቴ ከመልካቸው ብቻ የማን እጅ እንደሆነ ይለያል። ለሥራ በየወሩ እስከ ባኮ ስለሚወርድ፣ አንዱ ቀጥቃጭ ለሌላው የሚልከውን ቢላ በቦርሳው ይዞ ያደርስ ጀመር። ሰዎቹ ከዚያ በፊት በስም እንኳ አይተዋወቁም ነበር።

አንድ ጊዜ የእጃጂው ቀጥቃጭ እኛ ቤት ተቀምጦ የጊንጪውን ቢላ አወረደና በአውራ ጣቱ ሞከረው።

"ይሄ የጊንጪው ሰውዬ ነው? ለቅቤ ጥሩ ነው" አለ።

"እሱ ደግሞ ያንተን አይቶ፣ በዚህ የታረደ በግ ተነስቶ ይሄዳል ነው ያለው" አለው ባለቤቴ።

ሰውየው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በሚቀጥለው ወር ለጊንጪው አዲስ ቢላ ሠርቶ ላከ። "በጉን ይሞክርበት በለው" ብሎ።

እኔ ቦርሳውን ባየሁ ቁጥር፣ "አውቶቡስ ላይ ሲፈትሹ ቢያገኙብህስ?" እለዋለሁ።

"ስጦታ ነው እላቸዋለሁኣ።"

"ስጦታ መሆኑ ላዩ ላይ ተጽፏል?"

ይስቅብኝ ነበር።

ከዚያ ቤት ለቤት የሚፈተሽበት የአሰሳው ጊዜ መጣ። የጎረቤታችንን ልጅ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች፣ ፍራሽ ሥር በተገኘ ወረቀት ወሰዷት። ባለቤቴ ባኮ ሳለ ቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ቆሞ፣ "ስለትም ይሁን ጥይት፣ በፈቃዱ ያስረከበ አይጠየቅም። በአሰሳ የተገኘበትን ግን እናቱም መልሳ አታየውም" አለ።

ከስብሰባው ስመለስ አምስቱንም አወረድኳቸው። አራቱን ከወጥ ቤት ዕቃ ጋር ደባለቅኳቸው። የጊንጪው ትልቅ ቢላ ግን ሁለት አፍ ስላለው ከጩቤ በቀር ሌላ ነገር አይመስልም። ሽንት ቤት ልጥለው አሰብኩ። ግን ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ አይቶታል፤ የት ገባ ብለው ቢጠይቁኝስ? በነጠላዬ ጠቅልዬ ቀበሌ ሄድኩ።

ሊቀመንበሩ አገላብጦ አየው። "ማን ነው ያሠራው? ባልሽ ነው?"

"አላሠራም ጓድ። ስጦታ ነው።"

"ለጸሐፊ ጩቤ የሚሰጥ ማን ነው?"

አላውቅም ብል ባለቤቴን አውቶቡስ መናኸሪያ ጠብቀው ይይዙታል ብዬ አሰብኩ። ጊንጪ ሩቅ መሰለኝ። ሰውየው ዘመዴ አይደለም፤ ቀጥቃጭ መሆኑም ነገሩን አቀለለልኝ። ይህንን ሳልጽፍ ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል። ስሙን ነገርኩት፣ የአባቱንም ጨመርኩ። ቤቱን ማንም አልጠየቀኝም። እውነተኛ ለመምሰል ብዬ፣ ባለቤቴ ሲያወራ እንደሰማሁት፣ ከመንገዱ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ደጁ ላይ ምን ዛፍ እንዳለ ሁሉ ራሴ አስረዳሁ።

እሑድ ስብሰባ ላይ አስነሱኝ። "ንቁ እናት" ተባልኩ፣ ተጨበጨበልኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ።

ባለቤቴ ሲመለስ ቢላዎቹን ለአሰሳው ብዬ እንዳነሳኋቸው ብቻ ነገርኩት። ደግ አደረግሽ አለኝ። በሦስተኛው ቀን የጊንጪው ቀጥቃጭ ሚስት በጠዋቱ አውቶቡስ መጣች። ከበሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ ባለቤቴን በኦሮምኛ ለመነችው።

"ኦቦ ጸሐፊ፣ ማመልከቻ ጻፍልኝ። ለወንበዴ ጩቤ ይሠራል ብለው ወሰዱት። የጠቆመ ሰው አለ። ማንንም ሳይጠይቁ ቀጥ ብለው እኛ ደጅ ነው የመጡት።"

ባለቤቴ ወረቀት አወጣ፣ ብዕሩን ከፈተ። ከዚያ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ፤ ወደ እኔም ዞረ።

"ትልቁ ቢላ የት ነው?"

ጀበናውን ከእሳቱ ላይ አወረድኩ።

"ትልቁ ቢላ የት ነው የምልሽ።"

"አስረከብኩት።"

"ስምስ ጠየቁሽ?"

ጎንበስ ብዬ ቡና መቅዳት ጀመርኩ። ሴትየዋ አማርኛ ብዙም አትችልም፤ ግን ያን ለመረዳት ብዙ አማርኛ አያስፈልግም ነበር። በኦሮምኛ፣ ድምጿን ሳታነሳ ተናገረችኝ።

"እቴቴ፣ ልጅሽን ከዳቦው ስትጎትቻት ባሌ አይቶ ነግሮኛል። ዓይናችንን ፈርተሽ ነው። እኛ አፍሽን መፍራት አላወቅንም።"

ባለቤቴ ማመልከቻውን ጻፈ፤ በዚያ ቀን ጽሕፈቱ አላማረም። ማመልከቻው የትም አልደረሰም። ቀጥቃጩ የተፈታው ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲቃረብ ነው። ውስጥ እግሩን ስለገረፉት ወናፉ ጋ ለመድረስ ግድግዳ ይይዛል አሉ። ባለቤቴ ሊጠይቀው ሄደ። እንደ ወጉ ተቀብሎት፣ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ አውርተው፣ ሊለያዩ ሲሉ፣ "ማመልከቻውን ስለጻፍክልኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሌላውን አላነሳም" አለው። ከዚያ ወዲያ ለስጦታ ቢላ ሠርቶ አያውቅም፤ ማረሻና ማጭድ ብቻ ይሠራ ነበር።

ባለቤቴ አራቱን ቢላዎች ከወጥ ቤት ሰብስቦ በየገበያው ቀን ለየሠሪዎቻቸው መለሰ። እነሱ ለምን ብለው አልጠየቁትም።

"ለምን ትመልሳለህ?" አልኩት።

"እያንዳንዱ ቢላ የሰው ስም ነው። እዚህ ቤት ስም አይቀመጥም" አለኝ።

አልመታኝም፣ አልሰደበኝም። ደመወዙን እንደ ድሮው ያመጣል፣ ልጆቹን ያስጠናል። ግን የአንድም ወዳጁን ስም ዳግመኛ አልነገረኝም። "ዛሬ ከማን ጋር ዋልክ?" ስለው "ከሰው ጋር" ይላል። "ማን ሞቶ ነው የምትቀብረው?" ስለው "ሰው" ይላል። ጎረቤቶቼ፣ ድምፁ የማይሰማ ባል ሰጥቶሻል፣ የታደልሽ እያሉ ይቀኑብኝ ነበር። ልጆቼ አደጉ፤ አባታቸው አልታሰረም። ያን ቀን ቀበሌ የሄድኩበት ነገር ሞልቶልኛል።

መንግሥት ሊለወጥ አንድ ዓመት ሲቀረው ባለቤቴ በጉበት በሽታ ሞተ። በለቅሶው ሦስተኛ ቀን አራት ሰዎች ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ለብቻቸው ተቀመጡ። ክንዳቸው ላይ ያረጀ የእሳት ፍንጣሪ ጠባሳ ነበረ። የጊንጪው ቀጥቃጭ አብሯቸው የለም። ውሃ ይዤ ሄድኩ።

"ከየት መጣችሁ አባቶቼ?"

"ወዳጆቹ ነን" አለኝ ሽማግሌው።

ስማቸውን ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። ሽማግሌው ብርጭቆውን እንደያዘ ዓይን ዓይኔን እያየ ጠበቀኝ። ጠጥቶ እስኪጨርስ ቆሜ ጠበቅሁና ብርጭቆውን ተቀብዬ ወደ ጓዳ ተመለስኩ።