ሁለት ሸሚዝ ለአንድ ቤዝ ጊታር

ቀጮ እምቢ ማለት የማይሆንለት ልጅ ነበር። ቁመቱ የበር ጉበን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ድምፁ ግን አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው እንኳ በግድ ነው የሚሰማው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለ አንድ ቀን፣ በሂሳብ ክፍለ ጊዜ፣ አብሮት የሚቀመጠው ልጅ ጆሮው ስር ተጠጋና «የሮክ ባንድ አቋቁመናል፤ አንተ ቤዝ ነህ» አለው። ይሄ ልጅ ሰው ማዘዝ ስለሚወድ ሻለቃ ይሉታል።

«ቤዝ ምንድን ነው?»

«ባለ አራት ክር ጊታር። ጣትህ ረጅም ነው፤ ላንተ ነው የሚሆነው።»

«እሺ» አለ ቀጮ።

ሦስተኛው ድቡሽ ነበር፤ ጉንጩ ድቡልቡል ያለ፣ ዴስክ እየደበደበ ስንት ጊዜ ከክፍል የተባረረ ልጅ። ድራሙ ለሱ ሆነ። የስፖርት መምህሩ ማንም የማይገባበትን የታይፕ ክፍል ቁልፍ ሰጧቸው። ቤዝ ጊታሩ ከትምህርት ቤቱ አሮጌ ዕቃ መሀል የተገኘ ነው፤ አንዱ መቃኛ ስለተሰበረ በፒንሳ ነው የሚጠመዘዘው። ከሰዓት ከሰዓት፣ አቧራ በጠጡት የታይፕ መኪኖች መሀል ቆመው አንዲት ዘፈን ይደጋግማሉ። ሻለቃ የጻፋት ናት፣ ጊታር እየመታ የሚዘፍናትም እሱ ነው፤ ጥሏቸው ስለሄደ አውቶቡስ። ጥሩ ይጫወቱ መጥፎ፣ ቀጮ አንድ ቀን እንኳ ለይቶት አያውቅም። ሻለቃ ሲጮህ ጥሩ ይመስለዋል፤ ድቡሽ ፊቱን ሲያጨማድድ ደግሞ የለም፣ መጥፎ ነው ይላል።

የወላጆች ቀን ሲቃረብ የባንዱ ስም ጉድ አፈላ። ሻለቃ «ነጎድጓድ» አለ። ድቡሽ «አራተኛ ፎቅ» አለ።

«ትምህርት ቤቱ ያለው ሦስት ፎቅ ነው!»

«ለዛ ነዋ!»

ከዚያ በኋላ እሳትና ጭድ ሆኑ። ሻለቃ በማግስቱ ጠዋት ቀጮን በር ላይ ጠብቆ «ከሌላ ክፍል ድራም የሚመታ ልጅ አግኝቻለሁ። ከኔ ጋር ነህ አይደል?» አለው። «አዎ» አለ ቀጮ። ማታ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ደግሞ ድቡሽ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ «ያንን አምባገነን ትተን ከአክስቴ ልጅ ጋር እንጀምራለን። አለህ አይደል?» ሲለው «አለሁ» አለው። ውሸቱን አልነበረም። ለሁለቱም ሲመልስ ከልቡ ነበር፤ ግራ ያጋባውም ይሄው ነው።

እናቱ ልብስ ሰፊ ናት። «ነጎድጓድ» ጥቁር ሸሚዝ፣ «አራተኛ ፎቅ» ቀይ ሸሚዝ ስለወሰኑ ሁለቱንም እንድትሰፋለት ለመናት። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ትክ ብላ አየችው።

«የኔ ልጅ፣ ስንት ቦታ ነው የምትዘፍነው?»

«አልዘፍንም እማ። ቤዝ ነው የምመታው።»

«እሺ፣ ለየትኛው ሸሚዝ ነው የምትመታው?»

«ለሁለቱም።»

«ልጆቹ ያውቃሉ?»

ቀጮ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። እናቱ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረች።

ቀኑ ደረሰ። ቀዩን ከውስጥ፣ ጥቁሩን ከላይ ደርቦ፣ በላብ ተጠምቆ መድረክ ወጣ። «ነጎድጓድ» የአውቶቡሷን ዘፈን ተጫውቶ ተጨበጨበለት። የስፖርት መምህሩ ማይኩን ይዘው «ቀጥሎ አራተኛ ፎቅ!» ሲሉ ሁሉም ወረደ፤ ቀጮ ግን እዚያው ቀረ። ድቡሽና የአክስቱ ልጅ እየወጡ፣ እሱ በሰው ሁሉ ፊት ጥቁሩን ሸሚዝ ማውለቅ ጀመረ። የእጅጌው ቁልፍ እምቢ አለ። ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ቀይ ሆኖ ተገትሮ ሲታይ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሻለቃ ከመጋረጃው ጎን አፉን ከፍቶ ቀረ።

ድቡሽ ግራ ቀኝ ሳይል በዱላው ቆጥሮ አስጀመረ። የቀጮ ጣቶች ግን ለወራት የለመዱትን የአውቶቡሷን ዘፈን ያዙ።

«ሌላኛው ነው! ሌላኛው!» ብሎ ጮኸ ድቡሽ። እንዲህ እያለ እጁ ከድቶት ቤዙን ተከተለ። የአክስቱ ልጅ ጊታሩን አቁሞ ተራ በተራ ያያቸው ጀመር። ዘፈኗ ያለ ጊታር ስትንከላወስ ሻለቃ አላስቻለውም፤ ጊታሩን እንደያዘ ዘሎ ወጥቶ መሀላቸው ገባ። ሦስቱ እንደ ድሮው ተጫወቷት። ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ለዘፈኑ ይሁን ለሸሚዙ፣ ቀጮ ሊገባው አልቻለም።

ከመድረክ ሲወርዱ ሻለቃና ድቡሽ ተቃቅፈው ይስቁ ነበር። ቀጮ ገመዱን ጠቅልሎ፣ አምፕሊፋየሩን እየጎተተ ሲደርስባቸው ግን ሁለቱም ፊታቸው ተለወጠ።

«አንተ ሰው ነህ?» አለ ሻለቃ። «ከጀርባዬ!»

«ከሱ ጀርባ ብቻ? ከኔም እንጂ!» አለ ድቡሽ።

«ሁለታችሁም አለህ ወይ አላችሁኝ፤ አለሁ አልኩ» አለ ቀጮ።

በሳምንቱ የታይፕ ክፍሉ ሲሄድ ቤዙ በድቡሽ አክስት ልጅ ትከሻ ላይ ነበር። ለብቻው ሲጠይቀው ድቡሽ «ይቀየር ያለው ሻለቃ ነው» አለ። ሻለቃም «እኔ ምን አደረግኩ? ድቡሽ ነው እንጂ» አለ። ቀጮ እቤቱ ገብቶ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀመጠ።

«እማ፣ ያስታረቅኳቸው እኔ ነኝ ወይስ ያጣላኋቸው?»

እናቱ ክር በጥርሷ እየበጠሰች «እኔ እንጃ ልጄ። ብቻ እዚያ ላይ ስትቆም አምሮብህ ነበር» አለችው።

ባንዱ ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ። ቀጮ አድጎ ሊፍት ጠጋኝ ሆነ፤ ሻለቃ መድኃኒት ቤት ከፈተ፣ ድቡሽ ሾፌር ሆነ። ዛሬም ሦስቱ ሲገናኙ እነዚያ ሁለቱ ያንን ቀን ለሚስቶቻቸው፣ ለልጆቻቸው እየተቀባበሉ ያወሩታል። «ሦስታችን ብቻ ነበርን! እስከ መጨረሻው!» ይላሉ። ቀጮ ቤዙን የወረሰውን የድቡሽን አክስት ልጅ ሊያነሳ አንድ ሁለቴ አፉን ከፍቶ ነበር። እነሱ ግን እንባቸው እስኪፈስ እየሳቁ ጀርባውን ይመቱታል፤ እሱም ይስቃል።