የባርቱል እርማት

በብራች ደሴት ሰው መቃብሩን የሚያሰናዳው በቁሙ ነው። ስሙንና የትውልድ ዓመቱን ያስቀርጻል፤ የሞቱን ዓመት ቀባሪ ይጨምርለታል። ድንጋይ ጠራቢው ባርቱልም ለአብሮ አደጉ ለዬርኮ ከሁሉ አሳምሮ ቀረጸለት፦ «1938 – 19»። ለኋላ ሥራ ይቀለኛል ብሎ ነው የሞቱን ዓመት የመጀመሪያ ሁለት ቁጥሮች አስቀድሞ የጨመረው። ሁለት ሺህ የሚባል ዓመት ይመጣል ብሎ ማን አስቦ!

ዬርኮ ግን የሚሞት ሰው አልሆነም። ጭራሽ ዋና ከተማው ዛግሬብ ገብቶ የምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ፣ ቆይቶም አፈ ጉባኤ ሆነ። በተለይ «የተሳሳተ አባባል ላርም» ብሎ እጁን የሚያወጣ አባል ሲያይ ደሙ ይፈላል። ደንቡ ይፈቅዳል፤ እነሱ ግን በእርማት ስም ይሰዳደባሉ። ቃጭሉን ያንቃጭልና «ይኼ እርማት አይደለም! ተቀመጥ!» ይላል። መንደሩ በቴሌቪዥን እያየ በሳቅ ይፈርሳል።

ሁለት ሺህ ሲገባ ሳቁ ወደ ባርቱል ዞረ። ወይን ቤት በገባ ቁጥር «ባርቱል፣ ሰውዬህ ቀጠሮ አፈረሰብህ አይደል?» ይሉታል። ዕድሜውን ሙሉ ከእጁ የተበላሸ ድንጋይ ወጥቶ አያውቅም፤ ነገሩ አንጀቱን አሳረረው። በመቃብሩ በኩል ማለፍ እንኳ ተወ።

ዬርኮ በየነሐሴው ለዕረፍት ሲመጣ ግን እየጎተተ ይወስደዋል።

«ይኸው፣ ዘንድሮም አለሁ!»

«በነጻ ልቀይርልህ አልኩህ እኮ፣ አንተ ክፉ!»

«አትነካትም። ዛግሬብ ሁሉም ያጎነብስልኛል። ከልቤ የምስቀው እሷን ሳይ ብቻ ነው።»

«እኔስ? መሳቂያ ሆኜ ልሙት?»

«ማረም ካማረህ በደንቡ መሠረት ነው። ቃጭሉ እጄ ላይ እስካለ ዕድል አልሰጥህም። የጣልኩ ዕለት እጅህን አውጣ።»

በ2006 መጋቢት ላይ ዬርኮ አንዱን አባል «ተቀመጥ!» ብሎ ራሱም ተቀመጠ፤ ከዚያ ወንበር አልተነሳም። ባርቱል ወሬውን ሲሰማ እንባ አልመጣለትም። «ቀድሞኝ ሄደ!» ብሎ መሮውን ወረወረ።

የመንደሩ ሹም እየሮጠ መጣ። «ባርቱል፣ ሚኒስትሮች ለቀብሩ በመርከብ እየመጡ ነው። አዲስ ድንጋይ አይደርስም፤ ቁጥሯን በሲሚንቶ ድፈናት!»

«ዬርኮ ላይ ሲሚንቶ? ዞር በልልኝ ከፊቴ!»

ድንጋዩን በሸራ ጋርዶ ብቻውን ሠራ።

በቀብሩ ዕለት ሸራው ተነሳ። «19» መሐል ለመሐል ቀጥ ባለ መስመር ተሰርዟል። ከሥሩ «የተሳሳተ አባባል እርማት፦ 2006» ይላል።

ሚኒስትሮቹ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ሹሙ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። የሟች ሚስት ፊልካ ጥቁር ሻሽ እንዳሰረች ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሰዎች ሊደግፏት ተሯሯጡ። ለካ እየሳቀች ነው።

«በል እንግዲህ ዬርኮ፣» አለች ሬሳ ሣጥኑን መታ መታ አድርጋ፣ «ባርቱልንም ተቀመጥ በለዋ!»

ባርቱል ከአንድ ጥድ ኋላ ተደብቆ ነበር። ድምፅዋን ሲሰማ ብቅ አለና እንደ ምክር ቤት አባል ቀኝ እጁን አወጣ። እጁን እንዳነሣ ትንሽ ጠበቀ። ቃጭሉን የሚያንቃጭልበት አልነበረም፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።