ይህን ብስክሌት ስፕሬይ አይነካውም

ሰፈሩ ሁሉ ብሩሽ ነው የሚላት። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የሱቅ በር፣ የፋርማሲ ግድግዳና የጭነት መኪና ጀርባ ላይ በእጇ ስትጽፍ ስለኖረች፣ በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት የባንክ ሠራተኛ ብቻ ቀርቷል። የፕላስቲክ ባነር የሚያትሙ ማሽኖች መጥተው ደንበኞቿን ሲወስዱባት እንኳ መሰላሏን አልሸጠችም። አንድ ባለሱቅ፣ «እነሱ እኮ በአንድ ሰዓት ጨርሰው ይሰጡኛል» ቢላት፣ «እሺ፣ ፀሐይ ሲበላው ና፤ እዚሁ ነኝ» ብላ ቀለሟን ማማሰሏን ቀጠለች። ሰውየው በዓመቱ መጣ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የጤና ጣቢያው ጥበቃ በሯን አንኳኳ። ኮፍያውን በእጁ ጨብጦ መሬት መሬት ያያል።

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

«እንዳትቆጪኝ። የእናትሽን ብስክሌት… ወለወልኩት።»

«እና?»

«በጣም ወለወልኩት።»

እናቷ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ጤና ጣቢያው አዲስ የማዋለጃ ክፍል ሊከፍት ስለነበር፣ ሥራ አስኪያጁ ብስክሌታቸውን የመግቢያው አዳራሽ ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ ብሎ ለምኖ ወስዶት ነበር።

አዋላጇ ወጣት ሳሉ፣ ሴት በቀሚስ ብስክሌት ስትነዳ አይቶ የማይስቅ አልነበረም። የያኔው ኃላፊም «ለሴት አይሆንም፤ በእግርሽ ሂጂ» ቢላቸው፣ «ልጁ በእግሬ እስክደርስ ይጠብቀኛል ብለው ነው?» ብለው ኮርቻው ላይ ወጡ። ምጥ የያዛት ሴት ደጃፍ ሲደርሱ ደወላቸውን እያንቃጨሉ «መጣሁ!» ይሉ ነበር። ብሩሽ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ይህንኑ ቃል በብስክሌቱ ጥቁር አረንጓዴ ቧንቧ ላይ በነጭ ጻፈችላቸው፤ ከሥሩም እንደ ክር የቀጠነ ወርቃማ መስመር አሰመረች። ለሰው እንዲታይ ብላ በቀለም የጻፈችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

ጤና ጣቢያው ስትደርስ ብስክሌቱ እንደ መስታወት ያበራል። ጥበቃው ከጎረቤት ጋራዥ የመኪና መወልወያ ክሬምና ማሽን ተውሶ ሦስት ቀን ሲፈትገው፣ ቆሻሻው ቀለሙን ይዞት ሄዷል። ቧንቧዎቹ በሚጋጠሙበት ጠርዝ ሁሉ ብረቱ ተራቁቷል። ወርቃማው መስመር በአንድ ወገን ድራሹ የለም። ከቃሉ «መ» ብቻ ደህና ተርፎ፣ «ጣ» እግሩን አጥቷል፣ «ሁ» ጭራሽ ጠፍቷል።

ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ወጥቶ መጣ። «አይጨነቁ» አላት። «አሮጌውን ቀለም ሙልጭ አድርገን አስነስተን ስፕሬይ እናስደርገዋለን። ከፋብሪካ እንደወጣ ነው የሚሆነው።»

«ይህን ብስክሌት ስፕሬይ አይነካውም።»

«እንግዶች የሚመጡት ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። እንዲህ ዥንጉርጉር ሆኖ አይሰቀልም።»

«እንግዲያው አይሰቀል።»

«ለጤና ጣቢያው ተሰጥቷል እኮ!»

«እናቴ ስታውስዎት ቆዳው አልተገፈፈም ነበር» አለችና መሪውን ይዛ እየገፋች ወጣች። ጥበቃው በሩን ከፍቶ ያዘላት።

እናቷ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሲሰሙ ሳቁ። «ድሮም ሳዋልደው በእግሩ ነው የመጣው። ሁሉን ነገር በግልባጭ ነው የሚሠራው።» ዓይናቸው ስለደከመ ብስክሌቱን በጣታቸው ይዳብሱ ጀመር። የተራቆተው ብረት ላይ ሲደርሱ ሳቃቸው ቆመ።

«ይድናል?» አሉ፣ ስለ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው።

«ይድናል እማዬ። ጠባሳው ግን አይጠፋም።»

«ጠባሳ ማን ፈራ?»

የመጀመሪያው ቀን ሥራ ከንቱ ቀረ። ቀለሙ የተቀባበት ቦታ አልረጋ ብሎ፣ ዘይት ላይ እንደተንጠባጠበ ውሃ እየተኮማተረ ሸሸ። የክሬሙ ሰም ብረቱ ላይ ቀርቶ ኖሯል። ብሩሽ የቀባችውን አንስታ፣ በንጹሕ ጨርቅና በጥቂት ነጭ ቤንዚን አንዱን ቦታ ሦስት ሦስት ጊዜ ጠረገች፤ ጨርቁንም በየጊዜው ቀየረች። ቲነር አሮጌውን ቀለም ስለሚበላው አላስጠጋችውም። ብረቱ ላይ ብቅ ያለውን ዝገት በጣት ጥፍር ስፋት በቆረጠችው ብርጭቆ ወረቀት አሸችና፣ ባዶው ቦታ ላይ ብቻ ፀረ ዝገት ቀባች።

ከዚያ አረንጓዴው አስቸገረ። እናቷ የሌሊት ፋኖሳቸውን ያስሩበት የነበረውን ብረት ብትፈታው ከሥሩ ፀሐይ ያልነካው ቀለም አገኘች። ደስ ብሏት ያንኑ አስመስላ ቀመመች። ሲደርቅ ግን አሮጌ ቀሚስ ላይ የተጣፈ አዲስ ጨርቅ መሰለ። «ሞኝ!» ብላ ራሷን ሰደበች። ጉዳቱ ያለው ፀሐይ በበላው ቀለም መሀል ነው፤ መመሳሰል ያለበትም ከአጠገቡ ካለው ጋር ነው። ቢጫ ጠብ አደረገች፣ ቡናማ በስንጥር ጫፍ ጨመረች፣ በቆርቆሮ ክዳን ላይ እየሞከረች፣ እስኪደርቅ እየጠበቀች፣ መስኮቱ ሥር እያስጠጋች አየች። አምስተኛው ሙከራ ገጠመላት። በቀጭን ብሩሽ፣ ከቁስሉ ጠርዝ አንዲት ፀጉር እንኳ ሳትወጣ ሞላችው።

ቃሉ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። የልጅነት ጽሕፈቷ ጠማማ ነበር። አሁን ያንን ልቅዳው ብትል ማስመሰል ሊሆንባት ነው፤ «መ»ን አጥፍታ ሁሉንም እንደ አዲስ ብትጽፍ ደግሞ ከጥበቃው በምን ተሻለች?

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉ እናቷ ከአልጋቸው።

«እጄ አድጎብኛል እማዬ።»

«ታዲያ ልትደብቂው ነው? በሠላሳ ምናምን ዓመት ያመጣሽው እጅ ነው። ባለሽ እጅ ጻፊ!»

ጻፈች። የልጅቷ «መ» እንደተንጋደደ ቀረ፤ የ«ጣ» እግርና «ሁ» ቀጥ ብለው ቆሙ። ወርቃማውንም መስመር ትንፋሿን ይዛ በአንድ ጉዞ አሰመረችው።

በስምንተኛው ቀን ብስክሌቱን መልሳ ወሰደችው። ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ሁለት ሰው የጻፈው ይመስላል» አለ።

«ነው እንጂ» አለችው።

በመክፈቻው ጠዋት እናቷን ደግፋ ስትመጣ፣ አዳራሹ ግድግዳ ላይ በባነር የታተመ ትልቅ የሕፃን ፎቶ ተሰቅሏል። ብስክሌቱ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ፣ ጨለማ መተላለፊያ ውስጥ ተደግፎ ቆሟል። ብሩሽ አልጮኸችም። ጥበቃውን፣ «መሰላል አምጣ» አለችው። አመጣ። ፎቶውን አውርዳ በሥርዓት ጠቀለለችው፤ ከዚያ ሁለት ሆነው ብስክሌቱን ከመስኮቱ ትይዩ ሰቀሉት። የጠዋት ብርሃን ሲያርፍበት እያንዳንዱ ጥገና ለፈለገው ይታይ ነበር፤ ላልፈለገው ግን አይታይም።

ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ ደረሰ። «ማን ፈቅዶላችሁ ነው? እንግዶቹ በር ላይ ናቸው!»

አዋላጇ ከብስክሌቱ ሥር ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ጠበቁት።

«ና አውርደው፣ ልጄ» አሉት። «እኔን መጀመሪያ ካነሣኸኝ በኋላ ነው ታዲያ።»

ሰውየው ክራቫቱን አስተካክሎ እንግዶቹን ሊቀበል ሄደ።