ማጭድ ይዛ የወጣችው አራስ

ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ ስመደብ ከደብረ ብርሃን የመጣሁት አንድ ሻንጣ ይዤ ነው። ሥራዬ ቤት ለቤት ነው። ውሻ ይያዝልኛል፣ ባለ ሥዕሉን የቤተሰብ ጤና መጽሐፍ ገልጬ ስለ ሕፃናት አስተምራለሁ፣ "እግዜር ይስጥሽ" ይሉኛል፣ እሄዳለሁ። ቀኑን ሙሉ ስለፈልፍ ውዬ ወረታ የተከራየኋት ክፍል ስገባ ግን የማናግረው ሰው አልነበረኝም። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርኩ።

አንድ የነሐሴ ጠዋት ከአንዲት የአሥራ ሁለት ቀን አራስ ቤት ገባሁ። የመጀመሪያ ልጇ ናት፣ ሴት። ባሏ ሩዝ ሊያርም ወንፈል ወጥቷል። እናቷ በአንበሳሜ በኩል ናቸው፤ መንገዱን ውሃ ዘግቶባቸው አልደረሱም። አራሷ ብቻዋን ነበረች፣ ከሕፃኗ ራስጌም ማጭድ ተቀምጧል።

እኔ ደግሞ አንዴ መጽሐፍ ከያዝኩ ማን ይችለኛል። ስለታም ነገር ከሕፃናት ይራቅ የሚለውን ገጽ አሳየኋትና ማጭዱን አንስቼ ከጣሪያው ሥር ሰካሁት። በዓይኗ ተከተለችኝ።

"ብረቱን ከወሰድሽብኝ ሰው አምጪልኝ" አለችኝ፣ ሳትቆጣ።

አፈርኩ። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ሰው ከጠፋ ክፉ ነገር እንዳይቀርባት ብረት አጠገቧ ይቀመጣል። ይህን አጥቼው አይደለም፣ አገሬም ያው ነው። ማጭዱ የሰው ምትክ መሆኑን ግን ልብ አላልኩም ነበር።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። "ከትናንት ጀምሮ ጡት እምቢ ብላለች" ያለችኝ ያኔ ነው፣ እንደ ቀላል ነገር። ሕፃኗን ስነካት እንደ እሳት ትፋጃለች። ለዚህስ መጽሐፉን መግለጥ አላስፈለገኝም፤ ጡት እምቢ ያለች ጨቅላ በቶሎ ጤና ጣቢያ ካልደረሰች ላትተርፍ ትችላለች።

"ተነሺ፣ ወረታ እንሂድ" አልኳት።

"ክርስትና ሳትነሳ? ኧረ አንቺ፣ ምን ነካሽ። ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰው የሚለውን እኔ እሰማልሻለሁ።"

"መንገድ ላይ ሰይጣን ቢለክፋትስ?"

ልከራከራት ጊዜ አልነበረኝም። ማጭዱን ከሰካሁበት አወረድኩና ስለቱን በጨርቅ ጠቅልዬ እጇ ላይ አስያዝኳት። "እሱም አለ፣ እኔም አለሁ" አልኳት። አለቃዬ ቢያየኝ ምን ይለኝ እንደነበር እንጃ። ብቻ ተነሳች። እኔ ሕፃኗን፣ እሷ ማጭዱን ይዘን፣ ጭቃው እስከ ጉልበታችን እየዋጠን አስፋልቱ ላይ ደረስን። ባጃጅ ውስጥ እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ነበር።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ ሕፃኗን ወዲያው ተቀብላ መርፌ ወጋቻት። ከዚያ ወደ አራሷ ዞራ "አብራሽ ያለችው ምንሽ ናት?" አለቻት።

"እህቴ ናት።"

ደስታዬ እንዳይታወቅብኝ አንገቴን ደፋሁ። ያን ቀን ሙሉ እህት ሆኜ ዋልኩ። አጥሚት ገዝቼ አመጣሁ፣ የሕፃኗን ጨርቅ አጠብኩ፣ እናትየዋ ሸለብ ሲያደርጋት ልጇን ታቀፍኩላት። አመሻሽ ላይ ሕፃኗ ጡት ያዘች። ሁለታችንም አለቀስን።

በማግስቱ ውሃው ጎደለና የአራሷ እናት ጤና ጣቢያው ድረስ መጡ። ልጃቸውን ሳሙ፣ የልጅ ልጃቸውን አገላብጠው ሳሙ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ይችስ ማን ናት?"

"የጤና ሠራተኛዋ ናት" አለቻቸው።

ውሸት አልተናገረችም። ከወንበሩ ተነሳሁላቸው፤ መርቀውኝ ተቀመጡ። ሌላ ወንበር አልነበረም። ሕፃኗ ድናለች፣ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ ብዬ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። እስከ ቤቴ ድረስ ግን እያለቀስኩ ነው የሄድኩት።