ዴስኬ ላይ የሚጠብቀኝ ገል

ባለፈው እሁድ፣ እዚህ ሴቻ ሰፈር፣ ከአምልኮ በኋላ ወንበር ስንደራርብ ቤዛ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ከማስተምራቸው ወጣቶች አንዷ ናት፤ አሥረኛ ክፍል ነች። የክፍሏ ልጆች ፎቶዋን በቴሌግራም እየተቀባበሉ ሲሳለቁባት ወር ሆናቸው። "ከነገ ጀምሮ ትምህርት ቤት አልሄድም። እህት አማረች፣ ጸልዪልኝ" አለችኝ።

የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ እኔም ይህንኑ ለሌላ ሴት ብያለሁ።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ከደጋ ወርደን ሲቀላ ሰፈር ዳር ቤት ተከራይተን ነበር፤ ግቢያችን ክረምት ከበጋ ጭቃና ጭስ ይሸታል። ለማያውቅ ልንገር፦ በእኛ አገር የገበሬ ዘር ነኝ የሚል ሰው ሸክላ ሠሪ ቤት ገብቶ አይበላም፤ ልጁንም አይድርም። ድስቱን ግን ይገዛል! በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ፣ ድምፁን ሰምቶ፣ ዋጋ ተከራክሮ ይገዛል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲበላበት ይኖራል። ጉድ እኮ ነው። ድስቱ ንጹሕ፣ የሠራው እጅ ርኩስ።

የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኔን ለክፍላችን ልጆች ያወራችብኝ ሰላም የምትባል የሰፈራችን ልጅ ናት። ቤተ ክርስቲያን በአንድ ኳየር ነበር የምንዘምረው። አንድ ጠዋት ዴስኬ ላይ ገል፣ የተሰበረ ድስት ቁራጭ፣ ተቀምጦ አገኘሁ። ጣልኩት። በማግስቱ ሌላ ገል። ክፍሉ አፉን ይዞ ይስቃል። ቧንቧ ላይ ውሃ ስጠጣ ደግሞ ከእኔ ቀጥላ ያለችው ልጅ ቧንቧውን በአሸዋ ፈትጋ ነው የምትጠጣው። ሰው በገል ያለቅሳል እንዴ ትሉ ይሆናል። በየቀኑ ሲሆን ያስለቅሳል። የማንጎ ወቅት ነበር፤ በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ማንጎ ሲካፈሉ እኔ ከክፍሉ ጀርባ ብቻዬን እቆም ነበር።

ለእናቴ መናገር አልሆነልኝም። በእጇ ሥራ ያሳደገችኝን ሴት፣ "በእጅሽ ሥራ ምክንያት ነው" እንዴት ልበላት? ለእህት ዘነበች ነገርኳት። እህት ዘነበች ኳየራችንን የምታሠለጥን፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ ማሳ ያላት፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ነበረች። ትወደኛለች። ራሴን ዳብሳ፣ "ቻይው ልጄ። ጌታም ተሰድቧል። ዝም ብለሽ ጸልዪላቸው" አለችኝ። አብረን ጸለይን። መልካም ጸሎት ነበር፤ ቀለል ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ገሉ ዴስኬ ላይ ይጠብቀኛል።

ሌላ ቀን ሄጄ ትምህርቱን ልተው እንደወሰንኩ ነገርኳት። ከእናቴ ጋር ጭቃ እረግጣለሁ አልኳት። "እግዚአብሔርም እኮ ሰውን ከአፈር ነው የሠራው፤ በዚህ ማፈር የለብሽም" ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች።

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አፌ አምልጦኝ፣ "እህት ዘነበች፣ አንቺስ እኛ ቤት ውሃ ጠጥተሽ ታውቂያለሽ?" አልኳት።

ስንቴ ደጃችን መጥታለች! በር ላይ ቆማ ትጸልይልናለች፤ እናቴ "ግቢ፣ ቅመሺ" ስትላት "ቸኩያለሁ" ብላ ትሄዳለች። ቤተ ክርስቲያን አንድ አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን፤ እኛ ደጅ ስትደርስ ግን ሁልጊዜ ቸኩላለች። አሁን ጠላችኝ ብዬ ፈራሁ።

በማግስቱ ማለዳ፣ ሰዉ ወደ ገበያ በሚጎርፍበት ሰዓት፣ ሙዝ ይዛ መጣች። በሩን አልፋ ገባችና "ርቦኛል" አለች። እናቴ ግራ ገብቷት ያለውን፣ በሽፈራው ቅጠል የተሠራ የበቆሎ ሊጥ ድብልብል፣ ኩርኩፋ፣ አቀረበችላት። እህት ዘነበች ሳህኑን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች፤ መንገደኛው ሁሉ እያያት እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በላች። አንድ ዘመዷ ቆም ብሎ ሲያያት "ና፣ እንብላ" አለችው። አልመጣም።

እጇን ታጥባ "ተነሱ" አለችን፣ እናቴንም እኔንም። "ዝም በይ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ። ይቅር ማለት ሌላ፣ ዝም ማለት ሌላ።" ለእናቴ ነገሩን ያስረዳቻት እሷ ናት። እስከ ትምህርት ቤቱ በእግራችን ሄድን፤ እሷ ጮክ ብላ እየጸለየች፣ እናቴ አንገቷን ደፍታ፣ እኔ ከኋላቸው እየተከተልኩ። ዩኒት ሊደሩ ፊት ግን እንድናገር ያደረገችው እኔኑ ነው። ተናግሬ እስክጨርስ እጄን አልለቀቀችም።

ሁሉም ተስተካከለ ብዬ አልዋሽም። ገሉ ቀረ። ሰላም ከእናቷ ጋር ተጠርታ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ከልቧ ይሁን አይሁን እንጃ። አሸዋው ጥቂት ሰነበተ። እህት ዘነበችንም ዘመዶቿ አኮረፏት። እሷ ግን ከዚያ ወዲያ የእሁድ ምሳዋ እኛ ቤት ሆነ፤ እኔም ትምህርቴን ጨረስኩ። ያቆመኝ ጸሎቷ ነው ወይስ ያ ሳህን? እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም፤ ምናልባት አንድ ናቸው። ነፍሷን ይማር፣ እንዴት እንደምወዳት!

ቤዛ አሁንም ቆማ ትጠብቀኛለች።

"ለእናትሽ ነግረሻታል?" አልኳት።

"አልነገርኳትም። ትሰበርብኛለች።"

"ቤታችሁ በየት በኩል ነው?"

"አሁን?" አለች ደንግጣ። "አትጸልዪልኝም እንዴ?"

የያዝኩትን ወንበር አስቀመጥኩና ቦርሳዬን አነሳሁ። "መንገድ ላይ እንጸልያለን። ምሳም እናንተው ጋ ነው የምበላው።"