ዝም ያልነው ዕዳ

ባለፈው ሳምንት በሥራ ቦታዬ ምሳ እየበላን፣ አጠገቤ የተቀመጠች የአንዲት ወጣት ነርስ ስልክ ደጋግሞ ጠራ። ታየዋለች፣ ፊቷን ታጨማድዳለች፣ ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። «ለምን አታነሺውም?» አልኳት።

«የክሬዲት ካርድ ሰዎች ናቸው እትዬ ስንዱ። ዝም ካልኳቸው ሲሰለቻቸው ይተዉኛል» ብላ ሳቀች።

ደሜ ፈላ። ልጅቷ ምንም አላደረገችኝም፤ ግን ይህንኑ ቃል በወጣትነቴ ሰምቼ፣ አምኜ፣ ዋጋውንም ከፍዬበታለሁ። ምሳዬን ትቼ ታሪኩን አወራኋት። የምሳ ሰዓት ስለማይበቃው ሙሉውን እዚህ ጻፍኩት።

ሚኒሶታ የመጣሁት በክረምት፣ በበረዶው ወቅት ነው። ያመጣኝ ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ነው። ከእኔ አሥር ዓመት ስለሚበልጥ «ጋሼ» ነበር የምለው። ሴንት ሉዊስ ፓርክ ውስጥ አንዲት መኝታ ቤት ያላት አፓርታማ ነበረችው፤ መኝታ ቤቱን ለእኔ ለቆ እሱ ሳሎን ሶፋ ላይ ይተኛል። በመጣሁ ሳምንት ባንክ ወስዶ ስሜን በእሱ አካውንት ላይ አስጨመረ። «አንድ ቤት ሆነን ሁለት አካውንት ምን ያደርግልናል?» አለኝ። እውነት መሰለኝ። ብዙም ሳልቆይ ፕሊማውዝ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ሥራ አገኘሁ፤ ደመወዜም በቀጥታ እዚያ አካውንት መግባት ጀመረ። እሱ ኤደን ፕሬሪ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ስለነበር ጠዋት ጠዋት እኔን አድርሶ ነው ወደ ሥራው የሚሄደው።

ያን ጊዜ የቤት ስልክ ነበር። የእኛ ስልክ የሚጮኸው ራት ስንቀርብ ነው። ዳዊት ዓርብ ዓርብ ቃሪያውን የሚያበዛበት ሽሮ ይሠራል፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳንውጥ ስልኩ ይጀምራል። «አንቺ አንሺው» ይለኛል፣ ከዚያ በእጁ «የለም በይ» የሚል ምልክት ያሳየኛል። የት አውቶቡስ እንደምይዝ በእንግሊዝኛ መጠየቅ ሳልችል «ዳዊት ቤት የለም» ማለትን ግን አቀላጥፌ አውቅ ነበር። ዳዊት ደግሞ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ እንጀራ ይቆርሳል!

«ጋሼ፣ እነማን ናቸው እነዚህ ሰዎች?»

«ተያቸው ስንዱ። ዕቃ የሚሸጡለት ሰው አጥተው ነው።»

ስጨቀጭቀው ስጨቀጭቀው ትንሽ ትንሽ ነገረኝ። እኔ ከመምጣቴ በፊት ሥራ ቀዝቅዞ ለጊዜው ከሥራው ተቀንሶ ነበር፤ በዚያ መሃል የክሬዲት ካርዱን ዕዳ መክፈል አቆመ። ሥራው ሲመለስ ዕዳው በመዘግየት ቅጣትና በወለድ አብጦ ጠበቀው። «ቁጥሩን ሳየው ተስፋ ቆረጥኩ» አለኝ።

«ታዲያ ደውለህ አነጋግራቸዋ! ትንሽ ትንሽ ልክፈል በላቸው።»

«ጋሽ ፈለቀን አማክሬዋለሁ። አያስፈልግም ብሎኛል።»

ጋሽ ፈለቀ ታክሲ ነጂ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብሎ ስለ ኢሚግሬሽን፣ ስለ መኪና፣ ስለ ትዳር ሁሉንም ይመክራል። ክፋት የለበትም። የማያውቀውን ነገር ግን «አላውቅም» ሲል ሰምቼው አላውቅም። እኔም ሄጄ ጠየቅሁት።

«ልጄ፣ ሰባት ዓመት ዝም ማለት ነው» አለኝ ምስሩን እያጠቀሰ። «ከዚያ ራሱ ይጠፋል። አሜሪካ የሕግ አገር ነው።»

በረዶው ሲቀልጥ ስልኩ እውነትም ዝም አለ። ዳዊት በደስታ የበግ ጎድን ገዝቶ ጠበሰ። መስኮቶቹን ከፈትን፤ የጥብሱ ሽታ ከእርጥብ መሬት ሽታ ጋር ተደባልቆ ቤቱን ሞላው። «ረሱኝ! አላልኩሽም?» አለ። እኔም ደስ ብሎኝ በላሁ። ሞኞች! ካርዱን የሰጠው ባንክ ዕዳውን ከመዝገቡ ሰርዞ ለሌላ ድርጅት በርካሽ ሸጦት ኖሯል። የገዛው ድርጅት ግን ከዳዊት የሚፈልገው ሙሉውን ነው።

በሚቀጥለው ክረምት ስልኩ በአዲስ ስም ጀመረ። አንዲት ድምጿ ማር የሆነ ሴት ዳዊትን ራሱ ስልኩን ባነሳበት ቀን አገኘችው። «ቀና ሐሳብ እንዳለህ ለማሳየት ትንሽ ብቻ ክፈል» ስትለው ለመገላገል ሲል የአንድ ቀን የአስቤዛ ያህል ከፈለ። ከዚያ እንደገና ዝም። በዚያን ጊዜ ሕግ ያቺ ትንሽ ክፍያ ዕዳውን እንደ ማመን ተቆጥራ ሊከሱት የሚችሉበትን የጊዜ ገደብ ከዜሮ እንዳስጀመረችው የሰማነው በኋላ ነው። መነጋገር ሲገባው ዝም አለ፤ አጣርቶ መጠየቅ ሲገባው ከፈለ። ዛሬም ሳስበው ጥርሴን አፋጫለሁ።

በበጋው አንድ ሰውዬ ላቡን እየጠረገ በራችንን አንኳኳ። እዚያ ቤት እንደምኖር ጠይቆኝ በዳዊት ስም የተጻፈ ወረቀት ሰጥቶኝ ሄደ። የክስ ወረቀት ነው ይላል፤ የፍርድ ቤት ማኅተምም የመዝገብ ቁጥርም ግን የለውም። ማታውኑ ለዳዊት ሰጠሁት፤ እሱም እሑድ ለጋሽ ፈለቀ አሳየው። ጋሽ ፈለቀ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ተመለከተው።

«ይሄ ማስፈራሪያ ነው። ቁጥር የሌለው ክስ የት አገር አለ?»

እዚሁ አገር ነበር። በሚኒሶታ ክስ የሚጀምረው ወረቀቱ እጅህ ሲገባ ነው፤ ፍርድ ቤት የሚገባው ከዚያ በኋላ ሊሆን ይችላል። የመልስ መስጫው ጊዜ እየሮጠ፣ ወረቀቱ ፍሪጅ ላይ ከዘይት ጠርሙስ ሥር ተኛ።

እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ የነርስነት ትምህርት ልጀምር ገንዘብ አጠራቅም ነበር። ድርብ ሺፍት እየሠራሁ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ አረጋውያኑን ከአልጋ እያነሳሁ ያጠራቀምኩት ነው። ልመዘገብ ሄድኩና የባንክ ካርዴን ሰጠሁ። አልሠራም። ደግመው ሞከሩ፣ አልሠራም። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ሲያጉረመርም ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ወደ ባንኩ ስደውል በዳዊት ላይ በተፈረደ ዕዳ አካውንታችን መታገዱን ነገሩኝ።

ቤት ስደርስ ዳዊት ምግብ እያሞቀ ነበር።

«ጋሼ፣ ገንዘቤን ወሰዱት! የእኔን ገንዘብ!»

ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ግን አላቆምኩም። ስለ ስልኩ፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ጋሽ ፈለቀ ያላነሳሁት የለም። በመጨረሻ ማማሰያውን ወረወረው።

«ምን ላድርግ ነው የምትይኝ? ካርዱ የሞላው ባንቺ የአውሮፕላን ቲኬት እኮ ነው! ካፖርትሽ፣ አልጋሽ፣ ሁሉም በእሱ ነው!»

ምግቡ ማረር ጀመረ፤ ምድጃውን ማንም አላጠፋውም። ሶፋው ላይ፣ እሱ የሚተኛበት ሶፋ ላይ ተቀመጥኩ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩ በመጨረሻ። «በወር በወር አብረን እንከፍለው ነበር እኮ።»

ጎንበስ ብሎ የወረወረውን ማማሰያ አነሳ።

ሚኒያፖሊስ መሃል ከተማ በነጻ የሚረዱ ጠበቆች እንዳሉ ሰምቼ እየጎተትኩ ወሰድኩት። ጠበቃዋ ወጣት ናት፤ ሁሉንም በትዕግሥት አስረዳችን።

«ለክሱ በጊዜው መልስ ሰጥታችሁ ቢሆን፣ ድርጅቱ ዕዳው የእሱ መሆኑንና ሒሳቡ ትክክል መሆኑን ማስረዳት ነበረበት» አለች። «ዝም ስላላችሁ ግን የጠየቀውን ሁሉ አገኘ።»

«ሰባት ዓመት ሲሞላው ይጠፋል ብለውን ነበር» አለ ዳዊት ቀስ ብሎ።

«የሚጠፋው ከክሬዲት ታሪክዎ ላይ ነው። ዕዳው በዚያ አይጠፋም። ፍርድ ከተሰጠ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ይቆያል።»

የእኔን የደመወዝ ደረሰኞች ይዛ ገንዘቡ የእኔ መሆኑን አስረዳችልኝ። ከሳምንታት በኋላ አብዛኛው ተመለሰ፤ ምዝገባው ግን አልፎኛል። ከዳዊት ደመወዝ በየጊዜው ይቆረጥ ጀመር። ቅዳሜና እሑድ ሌላ ሥራ ጨመረ። ዕዳው ሲያልቅ ከፍሎ የጨረሰው በካርዱ ከገዛው ሁሉ እጥፍ በላይ ሆኖ ነበር።

ያን ክረምት ብዙም አልተነጋገርንም። ግን አንድም ጠዋት ሳያደርሰኝ አልቀረም። ቀድሞ ወርዶ የመኪናውን መስታወት በረዶ ይፍቃል፣ ማሞቂያውን ይከፍታል፣ ከዚያ ይጠራኛል። አንድ ቀን ፕሊማውዝ ልንደርስ ስንል፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ «አፍሬ ነው» አለኝ። «እናታችን ለሰፈሩ ሁሉ ልጄ አሜሪካ ትልቅ ሰው ሆኗል ትል ነበር። አንቺም እንደዚያ ብለሽ ነው የመጣሽው።»

«እኔ የመጣሁት ወንድሜ ጋ ነው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። በዚያው ሳምንት ባንክ ይዞኝ ሄዶ በስሜ ብቻ አካውንት አስከፈተልኝ። በዓመቱ ትምህርቴን ጀመርኩ።

ዳዊት ዛሬ ጡረታ ወጥቷል። ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት አነበብኩለት። ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና፣ «ጋሽ ፈለቀን ብዙ አትውቀሺው» አለ። «እሱ የነገረኝ መስማት የምፈልገውን ነው።»

እኔ ግን እስከ ዛሬ እናደዳለሁ። በድርጅቱ አይደለም፤ እሱ ሥራውን ሠራ። የሚያናድደኝ ስልኩ እየጮኸ፣ ሁለታችን ከአንድ ሳህን እየበላን፣ እንዳልሰማ ሰው የተያየንባቸው ምሽቶች ናቸው። «ስንዱ፣ ዕዳ አለብኝ፤ ምን እናድርግ?» ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ያቺን አንድ ደቂቃ ፈርተን ዓመታት ከፈልንባት።